ለሳምንት ይቆይ

ሰፈራችን ስም አልነበረውም። ለሚጠይቀን ሰው «ከኬላው ወዲያ ነን» እንል ነበር፤ በቃ፣ አድራሻችን ያ ነው። ከደብረ ማርቆስ የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ፣ ለጮቄ ነፋስ በተጋለጠ ዳገት ላይ፣ ጣሊያን ከገባ ወዲህ የበቀለ ሰፈር ነው። አገሩ የተቃጠለበት መጣ፤ ከተማ ውስጥ የነበረው ቤቱ ለጦር ሰፈር የተወሰደበት መጣ፤ ባሏ ጠፍቶባት የምትበላው ያጣች መጣች። ጎጆው ተጠጋግቶ ተሠራ። ማሳ የለን፣ በረት የለን፣ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን የለን። ጠዋት ወጥተን ከተማ ለጣሊያን ስንሠራ ውለን፣ ማታ ለመተኛት ብቻ የምንመለስ ሰዎች ነበርን።

አሁን ያለ ሰው ሰፈር ሲባል ልቅሶው፣ ሠርጉ፣ ማኅበሩ፣ የልጆች ጫጫታው ነው የሚታየው። የኛ ግን ቀን ቀን ባዶ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ብትመጡ ሕዝቡ ተሰዶ ያለቀ ይመስላችኋል። የሚቀሩት ዶሮዎችና አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌው ደብረ ወርቅ ተምረው እዚያው ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው በጦርነቱ ቢበተኑባቸው ከኛ ዘንድ ተጠጉ። ሁላችንም «የኔታ» ነበር የምንላቸው። ደጃቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፣ የተሰጣ ብቅል ከዶሮ ይጠብቃሉ፣ ከሩቅ መልእክት ይዞ የመጣ ሰው ካለም ይቀበላሉ። ማታ ስንመለስ ለየሰዉ የመጣለትን ይነግራሉ። የሰፈሩ ጆሮ እሳቸው ነበሩ።

ጠዋት ገና ሳይነጋ ሁላችንም ከአንዲት ወይራ ሥር እንሰበሰባለን። ብቻውን የሚሄድ ሰው ካገኙ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ስለሚያንገላቱት፣ የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ ማንም ንቅንቅ አይልም። ውርጩ እግር ይቆርጣል። አንዱ ዘገየ እንደሆን እናማዋለን፣ እንረግመዋለን፤ ግን ጥለነው አንሄድም። ከዚያ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አንድ በአንድ ተሰልፈን እንወርዳለን። ስለዚህ በፊት ሳይሆን በጀርባ ነበር የምንተዋወቀው። ጠዋት ስንሄድ ጨለማ ነው፣ ማታ ስንመለስ ሁሉም ደክሞት አንገቱን ደፍቷል፤ መቼ ፊት ለፊት እንተያይ። ማን አንካሳ እንደሆነ፣ ማን ነጠላውን እንዴት እንደሚያጣፋ፣ ማን ሲያዝን ትከሻው እንደሚወድቅ ከኋላ ሆኜ አውቅ ነበር።

ከፊቴ የምትሄደው ሁልጊዜ አንዲት ሴት ናት። ጎረቤቴ ነበረች፤ ጎጆዋና ጎጆዬ በአንድ ግድግዳ ነው የቆሙት። እኔ ያን ጊዜ ገና ሃያዎቹን የጀመርሁ ነበርሁ፤ እሷ በዕድሜ ትበልጠኛለች። «እትዬ» እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ «አንቺ ልጅ» ትለኛለች። ሳቂታ ነበረች። ኬላው ላይ የቆመውን አስካሪ እንኳ በአማርኛ እየሰደበች በፈገግታዋ ታሳልፈን ነበር፤ እሱ ምስጋና እየመሰለው ራሱን ይነቀንቅላታል። ባሏ ወለጋ ቡና ሊነግድ ሄዷል ትላለች። ጫካ መግባቱን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ ግን ሁላችንም «ቡናው እንዴት ነው?» እያልን ነበር የምንጠይቃት። የሱ ዘመዶች ያሉት ሮብ ገበያ ነው፤ የምትልክለትንም በዚያ በኩል ነበር የምትልክ።

ከተማ ውስጥ የምንሠራው ልብስ ማጠብ ነበር። የሹማምንቱን አንሶላ። እንዶድ የለመደ እጃችን በነሱ ሳሙና ተሰነጣጥቆ አለቀ። አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይጨመቅም፤ አንዷ ወዲህ ሌላዋ ወዲያ ጫፉን ይዛ ተቃራኒ ማጠምዘዝ ነው። ስለዚህ የማጠቢያው ሹም ሴቶቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ነበር የመዘገበን፤ የይለፍ ወረቀቱም ለሁለት አንድ ነው። እኔና እትዬ በአንድ ወረቀት ነበርን። አንዷ ከቀረች ሌላዋም ኬላው ላይ ትመለሳለች። ሦስት ቀን የቀረ ደግሞ ተሰረዘ ማለት ነው ይሉ ነበር። ያን ወረቀት እኔ ነበርሁ የምይዘው፤ ከመቀነቴ ቋጥሬ፣ ሌት ተቀን እየዳበስሁ። እናትና አባት የለኝም። ያለኝ አንድ ወንድም ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ዓባይ በረሃ መንገድ ሊቆርጥ ከሠራተኛ ጋር ወርዷል። ያቺ ወረቀት እንጀራዬ ነበረች።

እትዬ በዚያ መንገድ ላይ ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም። ባዘቶውን በእጅጌዋ ሸጉጣ፣ እንዝርቷን እያሾረች ትፈትላለች። ለባሏ ጋቢ ልታሠራ ነው። ጫካ ብርድ ነው፣ ጮቄ ግርጌ ክረምቱን በሸማ እንዴት ይወጣዋል ትላለች። ድሩን ፈትላ ከጨረሰች በኋላ ማጉን እኔም አግዛት ጀመር። ስንሄድ እንፈትላለን፣ ስንመለስ እንፈትላለን። መንገዱ ያጥርልን ነበር።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ከሥራ ስንመለስ የኔታ እኔን ብቻ ጠሩኝ። እሷ እሳት ልትጭር ወደ ቤቷ ገባች። የኔታ ዳዊታቸውን ዘግተው በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። ከሮብ ገበያ ሰው መጥቶ እንደዋለ ነገሩኝ። ባሏ ሞቷል፤ ሳምንት ሆኖታል፤ ጓደኞቹ ካንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቀብረውታል። ዘመዶቹ የጣሊያን ዓይን ስላለባቸው ወደዚህ ሊመጡ አይችሉም። «አርድታችሁ ላኩልን» ነው መልእክታቸው።

የኔታ ይህን ለኔ የነገሩኝ ቅርቧ እኔ ስለሆንሁ ነው። መርዶ ሲነገር ደግፌ እንድይዛት።

መርዶ በኛ አገር ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ከቤቱ ሳይወጣ። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ተዘጋጅቶ። መንገድ ላይ አይነገርም። ለብቻ አይነገርም። አንድ ሰው በሌላ ሰው ጆሮ ሹክ የሚለው ነገር አይደለም፤ እንዲያ ያደረገ እንደ ጨካኝ ይቆጠራል። እና እኛ ጎህ ሲቀድ የት ነን? መንገድ ላይ ነን። ሰፈሩ ተሰብስቦ በጠዋት በቤቱ የሚገኘው እሁድ ብቻ ነበር። የዚያ ሰፈር መርዶ የእሁድ መርዶ ነው።

ማግስቱ እሁድ ነበር፤ ግን ሆሳዕና ነው። ሕማማት ሊገባ ነው፤ በሕማማት ደግሞ ፍትሐት የለም። የኔታና ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ተመካከሩና ከፋሲካ ወዲያ ይሁን አሉ። እኔም ልክ ነው አልሁ። እውነትም ልክ ነበር። ያን ሰሞን አልጸጸትም፤ ወግ ነው።

የሕማማትን ሳምንት ከኋላዋ ሄድሁ። እሷ ትሰግዳለች፣ ትጾማለች፣ ለሱ ብላ ትለምናለች። «አምላኬ በሰላም ያምጣልኝ» ስትል አሜን አልሁ። ምን ልበል ታዲያ? ዝም ብል ታውቅብኛለች። አሜን አልሁ፣ እንዝርቴንም አሾርሁ።

ፋሲካ ሆነ። በፋሲካ ቀን መርዶ ማን ይናገራል። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይቆይ ተባለ። ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ ደግሞ አስካሪዎች ወደ ሰፈሩ ወጡ፤ ወንድ የሌለበትን ቤት እየገቡ ባሉ የት ሄደ ብለው ይጠይቁ ጀመር። እትዬን ጠየቋት፤ ቡና ብላ አሳቀቻቸውና ሄዱ። በዚያ ሳምንት ዋይታ ቢነሣ ለማን ነው ይባላል፤ ጎጆዋ ይነዳል፣ ከሷ ጋርም የኛ። ይህም እውነት ነው፤ ሰበብ አላደርገውም። ቀጥሎ የመጣው እሁድ ከጣሊያን ትልቅ ሹም ይመጣል ተብሎ ሁላችንም በእሁድ ሥራ ታዘዝን።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የኔ አልነበረም። አሁን የኔ ወደሆነው ልምጣ። ፊደል የቆጠርሁት በእርጅናዬ ነው፤ ይችን ለመጻፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በቀጣዩ ቅዳሜ የኔታ ጠሩኝ። አስካሪዎቹ ጋብ ብለዋል፤ ሥራም አልታዘዘም። ነገ በጠዋት እንንገራት አሉኝ። ዋይታ እንዳይሰማ ቀስ ብለን አርድተን፣ በጠዋቱ ወደ ሮብ ገበያ እንሸኛታለን፤ አርባው ዓርብ ነው፣ ለተዝካሩ ትደርሳለች። ሁሉን አስበውታል። ከኔ የሚጠብቁት እሺታ ብቻ ነበር።

እኔ ግን ወረቀቴን አሰብሁ። ትልቁ ሹም ገና አልሄደም፤ የሚታጠበው አንሶላ ተራራ አክሏል። የማጠቢያው ሹም በዚያው ቀን በአስተርጓሚ ነግሮናል፤ በዚህ ሳምንት የቀረች ከነጓደኛዋ ትሰረዛለች ብሎ። እሷ ሰባት ቀን ለቅሶ ብትቀመጥ እኔ በማን እጅ ነው የምጨምቀው? ይህን ለየኔታ አላልሁም። ለማንም አላልሁም። ራሴን ያዘኝ ትላለች፣ ሰውነቷ ደክሟል፣ እንዲህ ሆና መርዶ ብትሰማ ትወድቅብናለች ብዬ ዋሸሁ። ራሷን አላመማትም ነበር። እንዲያውም በዚያን ቀን ከሁላችን በላይ ስትስቅ ነው የዋለችው።

«ለሳምንት ይቆይ፣ የኔታ» አልሁ።

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። አርባው ያልፋል እኮ አሉኝ። ተዝካር ኋላም ይወጣል አልሁ። አይ አፌ። ምነው ያን ጊዜ ተዘግቶ በቀረ። አንቺ አውቃታለሁ ካልሽስ ይሁን ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። አመኑኝ።

ጋቢውም በዚያው ሰሞን ነው ያለቀው። ፈትሉን ከተማ ወዳለ ሸማኔ ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሰኞ ዕለት ተቀብዬ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ወፍራም፣ ነጭ፣ ጥሩ ጋቢ ወጣው። እትዬ ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው። ከዚያ ማክሰኞ ማታ ሹማምንቱ ትልቁን ሹም ሊሸኙ ስለሚወጡ ነገ ማጠቢያው ዝግ ነው አሉን። እትዬ እንደ ልጅ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ረቡዕ የሮብ ገበያ የገበያው ቀን ነው። የባሏ እኅት ገበያ አትቀርም፤ ጋቢውን በእጇ እሰጣታለሁ፣ በሷ በኩል ይደርሰዋል አለች። ምናልባት ራሱም ወረድ ብሎ ይሆናል፤ ማን ያውቃል፣ ባየውስ አለች።

ገና ጀንበር ሳትጠልቅ ቅቤና ማበጠሪያ ይዛ ደጄ መጣች። ሥሪኝ አለችኝ። ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ እንደ መንገዱ ሁሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ጸጉሯን ፈትቼ፣ አበጥሬ፣ ከፍዬ ሹሩባ እሠራት ጀመር። እሷ ታወራለች። መጀመሪያ ያየችው የት እንደሆነ፣ ገና በታጨች ጊዜ ጸጉሯን እንዴት እንዳመሰገነላት። መካከል ላይ እጄ ቆመ። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እላለሁ።

ምነው፣ ምን አየሽ አለችኝ።

ቅማል መስሎኝ ነው አልሁ።

ሳቀች። በጣሊያን ሳሙና የምንታጠብ ሰዎች ከየት ይመጣብናል ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሠርቼ ጨረስሁና ቅቤውን ቀባኋት። አማረባት። ያንን ሹሩባ ያህል አሣምሬ ሠርቼ አላውቅም፤ ለምን እንዲያ እንደተጠነቀቅሁበት ዛሬም አላውቀውም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሄደች። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ስትነሣ፣ ስትለብስ፣ ጋቢውን በቅርጫት ስታስቀምጥ ሰማሁ። ወጥቼ አብሬሽ እመጣለሁ ማለት እችል ነበር። ተኛሁ። እግሯ ከራቀ በኋላ ግን አላስቻለኝም፤ ተነሥቼ ወደ የኔታ ሮጥሁ። ሮብ ገበያ ሄዳለች አልኋቸው። ጋቢ ይዛ፣ ተሠርታ። የኔታ መቋሚያቸውን አነሡና በዚያ ዕድሜያቸው ከኋላዋ ወጡ። የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ እሷ ደግሞ ደስ ብሏት ነው የምትሄደው። አልደረሱባትም።

ከዚህ ያለውን የነገሩኝ የኔታ ናቸው።

የባሏን እኅት ገበያው ውስጥ ሽንኩርት ስትገዛ ነው ያገኘቻት። ለዓርቡ ተዝካር ወጥ ነው። ራሷን ተላጭታለች፣ የለበሰችው ቀሚስ አመድ ነው። እትዬ ከሩቅ ስታያት ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች፤ አቅፋት «ማን ሞተብን?» አለቻት።

እኅትዮዋ ክንዷን ገፋችው። እነሱ ከላክንባት ወር አልፎታል፣ ለቅሶ አልመጣች፣ ወሬ አልላከች ብለው ነበር የሚያስቡ። የጣሊያን እንጀራ ጥሟት ነው የቀረችው ተብሎ አገሩ አውርቷል። እና አሁን ቆማ የሚያብረቀርቀውን የእትዬን ጸጉር ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ለማን ነው የተሠራሽው?» አለቻት።

በዚያ ነው የተረዳችው። በገበያ መካከል፣ በጌሾና በሽንኩርት መካከል፣ ቅቤው በግንባሯ እየወረደ፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር። የኔታ ሲደርሱ ገበያው ተበትኗል፤ እሷ ከገበያው ዳር መሬት ላይ ተቀምጣ ሹሩባዋን በጥፍሯ እየፈታች አገኟት። ይዘዋት ወደ ዘመዶቹ ቤት ሄዱ። ጥፋቱ የኛ ነው፣ እሷ አላወቀችም ብለው ማሉላቸው፣ ለመኗቸው። ወር ሙሉ አንድ ሰፈር ዝም አለ ማለት ማን ያምናል። ከደጅ መለሷቸው። ለተዝካሩም አትምጣብን ተባለች። የባሏን መቃብር እንኳ የሚያሳያት አላገኘችም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ተመለሱ። እኔ ሥራ አልሄድሁም፤ ብቻዬን መች ያሳልፉኛል፤ ደጇ ላይ ተቀምጬ ነበር። ራሷን ተላጭታለች። ጋቢው በትከሻዋ ላይ ነው። ተነሣሁ፤ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ራቅ ብላ ቆመች። ፊት ለፊት ተያየን።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

የሆሳዕና ዋዜማ አልሁ። መዋሸት አልቻልሁም።

 በልቧ ቀን የምትቆጥር ይመስል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ታዲያ ማጉን ለማን ነበር የምትፈትዪው?»

  ገብታ በሯን ዘጋች። በዚያ ቀጭን ግድግዳ በኩል ልቅሶዋ ይሰማኝ ነበር፤ አስካሪ እንዳይሰማት ጋቢውን በአፏ ላይ ይዛ ነው የምታለቅስ። እንዲህ ሆነን ሰባቱ ቀን አለፈ። እኔ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይኸ ነው። ዓርብ ዕለት እየፈራሁ ኬላው ደርሼ ጓደኛዬ ታማለች አልሁ። አስተርጓሚው ሠራተኛ ሊቆጥር ኬላው ላይ ለቆመው የማጠቢያ ሹም ነገረው። ሹሙ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ አንዲት ሌላ ሴት በእጁ ጠቁሞ ከኔ ጋር አቆማትና አዲስ ወረቀት ጻፈልን። በቃ፣ አለቀ። አንዲት ቀን እንኳ አልተሰረዝሁም። ያ ሁሉ ፍርሃት፣ ያ ሁሉ ውሸት ለዚህ ነበር። አንሶላውን ይዤ ወዲያ ማዶ ያለችውን የማላውቃትን ሴት እያየሁ ማጠምዘዝ ጀመርሁ።

እትዬ ከለቅሶ ስትነሣ እሷም ሌላ ጓደኛ ተሰጣት። ወይራው ሥር ትመጣለች፣ እንደ ሰው ሁሉ ትጠብቃለች፤ ግን ከኔ ፊት መሄዷ ቀረ። ከሰልፉ ሁሉ ቀድማ፣ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። የተላጨ ራሷ ከሩቅ ይታየኛል። መፍተል ተወች። ኬላው ላይ መሳቅም ተወች፤ አስካሪው እንኳ ምን ሆነች ብሎ በምልክት ጠየቀን። ጎረቤት ነንና እሳት መጫጫር አልቀረም፤ እኔ በሌለሁበት ጊዜ እየመረጠች ከየኔታ ቤት ነበር የምትወስድ። ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ጊዜ ተነሣሁ። ምን ብዬ? ወግ ነው እንዳልል፣ ወግ አልነበረም። አንሶላ ነበር። ይህን ከራሴ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ይህን ሳልናገር የምጠይቀው ይቅርታ ደግሞ ውሸት ሆኖ ታየኝ። ነገ እላለሁ። ሳምንት እላለሁ። እንደለመድሁት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ነው። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ጭጋጉ ዳገቱን ውጦታል። ወይራው ሥር ስደርስ ሽማግሌዎቹ ከአንድ እንግዳ ሰው ጋር ራቅ ብለው ሲንሾካሾኩ አየሁ። ሲያዩኝ ወሬያቸውን ቆረጡ። እኔም የሰው ነገር ነው ብዬ ተሰለፍሁ። መውረድ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን ከፊት የነበረችው እትዬ ከመንገዱ ወጥታ ዳር ቆመች። ሰዎቹ አንድ በአንድ ያልፏታል። የምትጠብቀው እኔን እንደሆነ ሲገባኝ ይቅር ብላኛለች አልሁ። እንግዲህ ከፊቴ ልትሄድ ነው አልሁ። ፈገግ ሁሉ ብዬ ነበር፤ እንዴት እንደማፍርበት።

ክንዴን ይዛ ከሰልፉ አወጣችኝ። ከኋላ የነበረ አንድ ሽማግሌ ገባውና ተዪ፣ ወግ አይደለም፣ እስከ እሁድ ተባብለናል እኮ ብሎ ተቆጣት። ዞርም አላለችለት።

«ወንድምሽ ሞቷል» አለችኝ። «በወባ ነው። ትናንት። ሬሳውን ይጁቤ ድረስ አምጥተውታል፤ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይቀበራል። አሁን ከሄድሽ ትደርሻለሽ።»

እሷው ናት የያዘችኝ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አንሥታ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ አለበሰችኝ። ከእጅጌዋ ቁራሽ ዳቦ አውጥታ በእጄ አስያዘችኝ። ያን ሁሉ የምታደርገው ፊቷ ሳይለወጥ ነው፤ አልደነገጠችም፣ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ከዚያ ከመቀነቴ ላይ የወረቀቱን ቋጠሮ በጣቷ ነካችው፤ ስጪኝ፣ ለጓደኛሽ አደርሰዋለሁ ማለቷ ነው። ፈትቼ ሰጠኋት።

«ለአንሶላው አታስቢ» አለችኝ። «ሂጂ።»

ሄድሁ። ጭቃውን እየወደቅሁ እየተነሣሁ ይጁቤ በስምንት ሰዓት ደረስሁ፤ የወንድሜን ፊት አይቼ ቀበርሁት።

ስለ አንሶላው ለሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር።